ምስጋና ለጆሯችን

ሰሞኑን ብሎካችን ድረስ ፖሊስ መጥቶ ነበር። አራተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ ጠዋት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። የተቃጠለ እጇ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ዕድሜዋ ቢበዛ አሥራ አንድ ነው። እኛ የተጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የሰማችሁት ነገር አለ?»

ሃያ አባወራ በአንድ አፍ መለሰ፦ «ኧረ እኛ ምንም አልሰማንም!»

እንዲህ ያለ ስምምነት ለውኃ መዋጮ እንኳ ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ለወቀሳ አይደለም፤ ላመሰግን ነው።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከሶፋችን ሳንነሳ ነው። ከእኔ በታች አንዲት እናት አሉ። ማንነታቸውን አልናገርም፤ በየብሎኩ አንድ አንድ ስላሉ ችግር የለውም። ባለፈው ወር ሽንኩርት አረረብኝ። ደጅ ስወጣ «ዘይት አሳነስክበት እንዴ?» አሉኝ። ማረሩስ ከሽታው ይታወቅ፤ የዘይቱን ማነስ ግን የለዩት ከቁሌቱ ድምፅ ነው። ፍሪጄ ሊበላሽ ሲል ከእኔ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው፤ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትንፋሽ አጠረው» ብለውኛል። ስልክ ሳወራ ከወዲያኛው ጫፍ ያለውን ሰው ይሰማሉ፤ «ወንድምህን ጉንፋን ይዞታል፣ ዝንጅብል ይጠጣ በለው» ብለው አዘውልኛል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉ ባልና ሚስት መኮራረፋቸውን ያወቁት ዝምታውን ሰምተው ነው። ዝምታውን! የአንዱ ጎረቤታችን ደሞዝ መጨመሩን ደግሞ በኮቴው ለዩት፤ አዲስ ጫማ ገዝቷል። እኔማ አሁን አሁን ሳስብ እንኳ ድምፄን ቀነስ አደርጋለሁ።

እኚህ ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ የሚጮኽ ልጅ አልሰሙም። በርበሬ ሲታጠን ሽታው እታች ድረስ ወርዶ ሁላችንንም አስሎናል። የታጠነው ማን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። ጨዋዎች ነን።

የቤቱ እመቤትም ምስጋና ይገባቸዋል። ልጅቷን ከገጠር ያመጧት ሊያስተምሯት ነው። መቼም ሁሉም የሚያመጣው ሊያስተምር ነው። «እንደ ልጄ ነው የማያት» ይላሉ። ይቺ «እንደ» የምትባል ቃል ግን ጉልበቷ! ልጃቸው አልጋ ላይ ይተኛል፤ እንደ ልጃቸው የሆነችው ወጥ ቤት ስፖንጅ ላይ። ልጃቸው ጠዋት የትምህርት ቤት ሰርቪስ ይጠብቃል፤ እንደ ልጃቸው የሆነችው ቦርሳውን ተሸክማ አብራው ትጠብቃለች። ሰርቪሱ ሲመጣ ቦርሳውን ታቀብላለች። ትምህርቷ ይኸው ነው።

ዕድሜዋን ለጠየቀ መልስ አለ፤ «አሥራ ስምንት ሞልቷታል፣ ገጠር ስላደገች ነው ያጠረችው»። ማን ይከራከራል? በ2008 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። ማስረጃ የሌላት ልጅ እመቤቷ ያሉትን ያህል ታድጋለች። የ2011ዱ የሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የቤት ሥራ ግን በሌላ ደንብ ይታያል ተብሎ ወደ ጎን ተትቷል። ደግሞስ ማን ቀጠራት? እንደ ልጃቸው ናት።

አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ ሁልጊዜ ያማርራል። «እዚህ ልጅህ ፊቷ ላይ ጭረት ካለ አስተማሪዋ ትጠቁማለች» ይላል። እውነቱን ነው፤ የአስተማሪ ግዴታ ነው። በፈረንጆቹ 2019 እዚያ አገር ወደ 4.4 ሚሊዮን የልጆች በደል ጥቆማ ቀርቦ ነበር። በ2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ቁጥሩ ወደ 3.9 ሚሊዮን ወረደ። ተቀባይነት ካገኘው ጥቆማ የትምህርት ቤት ሠራተኞች ያመጡት ከመቶ 21 ነበር፤ ወደ 17 ገደማ ዝቅ አለ። ልጁን በየቀኑ የሚያየው ዓይን ቤቱ ዋለ። እነሱ ለዚህ ወረርሽኝ አስፈለጋቸው። እኛ ያለ ምንም በሽታ ደርሰንበታል። ትምህርት ቤት የማትሄድ ልጅ የሚያያት አስተማሪ የላትም፤ የሚሰማት ጎረቤት ደግሞ አልሰማም። ጥቆማ ከሌለ ምርመራ የለም። ምርመራ ከሌለ መዝገቡ ንጹህ ነው። በንጽሕና ማን ይደርስብናል?

አሁን ሽማግሌዎች ጣቢያ ተመላልሰዋል። «ልጅቷም እኮ ብርጭቆ ሰብራለች» ተብሏል። አዲስ ብርድ ልብስ ይገዛላታል አሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ሕፃን ልጅን ለሚያንገላታ አሳዳጊ በመነሻው ያስቀመጠው እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ነው። ሽማግሌዎቹ እሱም በዝቶባቸዋል።

ቆይ ግን። ሰምተናል። እኔም ሰምቻለሁ፤ ሦስት ሌሊት። «እትዬ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ስትል ቃል በቃል ሰምቻለሁ። ተነስቼ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩ። ለፖሊስ 991 ለመደወል ሦስት ቁጥር መንካት ነው፤ ድምፅ ለመጨመር እኔ ከዚያ በላይ ነክቻለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እኮ ናት! ምን ዓይነት ጉዶች ነን?

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

እሑድ ዕለት የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው በር ላይ ተለጥፎ ነበር፦ «በሌሊት ስለሚሰማ ጩኸት»። ሳነበው ልቤ ዘለለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜ ተገኘሁ።

ጉዳዩ የአንደኛ ፎቁ ውሻ ነው። ከእኔ በታች ያሉት እናት በየትኛው ሌሊት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደጮኸ በደብተር ጽፈው መጥተዋል። ቤቱ ሁሉ መሰከረ። አንድ ጎረቤት «እንስሳ ያለ ምክንያት አይጮኽም፤ ማን ያውቃል፣ እየደበደቡት ይሆናል» ሲል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጉዳዩ በደንብ እንዲታይ ሦስት ሰው ያለበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢዋ የአራተኛ ፎቋ እመቤት ናቸው።