ክንዳችሁ ቀበቶ አይሆንም

የአዲስ አበባ ወላጆች፣ በተለይ መኪና የምትነዱ፣ ስሙኝ። በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ቆማችሁ የሚያልፉትን መኪኖች ውስጣቸውን ተመልከቱ። አባት መሪ ይዟል፤ ትራፊክ ፖሊስ አለና ቀበቶውን አስሯል። እናት ጋቢና ተቀምጣ ሕፃኑን ታቅፋለች። ከኋላ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጆች በፊት ወንበሮቹ መሃል አንገታቸውን አስግገው ቆመው ይሄዳሉ። በዚያ መኪና ውስጥ የታሰረው አጥንቱ የጠነከረው ጎልማሳ ብቻ ነው። አንድ ፍሬ ልጆቹ ለዕድላቸው ተትተዋል። በየቀኑ እናየዋለን፣ ማንም ምንም አይልም።

ልጆቻችሁን እንደምትወዱ አውቃለሁ። ከደሞዛችሁ ቆርጣችሁ የምታስተምሩ፣ ሕፃኑ ትኩሳት ቢይዘው በሌሊት ሐኪም ቤት የምትሮጡ ናችሁ። ስለዚህም ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ። ክትባቱን አንድ ቀን ሳታሳልፉ የምታስከትቡት ልጅ፣ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ተራ ዕቃ ይጫናል።

«አጥብቄ ይዤዋለሁ» ትላላችሁ። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ልጁም በዚያው ፍጥነት እየሄደ ነው። መኪናው ከግንብ ጋር ቢጋጭ አፍንጫው ግማሽ ሜትር ያህል ተጨማዶ ይቆማል፤ ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ አንድ አስረኛ ባልበለጠ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ልጁን እንዳይወነጨፍ ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ለማንሳት ከሚያስፈልገው ጋር ይተካከላል። ሳይዘጋጅ፣ በተቀመጠበት፣ አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ ከአየር ላይ የሚቀልብ ከመካከላችሁ ማነው? ያቀፈው ሰው ራሱ ቀበቶ ካላሰረ ደግሞ ልጁ በዳሽቦርዱና በአቃፊው ደረት መሃል ይጨፈለቃል። አንዱን ቀበቶ ለሁለት መታጠቅም ከዚያ አይሻልም፤ የትልቁ ሰው ክብደት ሕፃኑን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል።

ጋቢና ከሆነ ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ከፊት ተነፍቶ የሚወጣ የአየር ከረጢት፣ አለ። ኤርባግ የተሠራው ለሙሉ ሰው ቁመትና ክብደት ነው፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳትገልጡ ተነፍቶ ያልቃል። በጋቢናው በኩል ያለውን የፀሐይ መከላከያ ወደ ታች አውርዱና እዩት። በብዙ መኪኖች ላይ የሕፃን ወንበር፣ ማለትም ከመኪናው ጋር ታስሮ ልጁን በራሱ ማንገቻ የሚይዝ መቀመጫ፣ ተስሎ በቀይ ተሰርዟል። ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን ወንበር ኤርባጉ ባልተዘጋበት ጋቢና ላይ ከተቀመጠ፣ ኤርባጉ ራሱ ልጁን ሊገድለው ይችላል። ሥዕሉ ሁልጊዜ ዓይናችሁ ሥር ነው፤ አላያችሁትም እንጂ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የክርስትናው ቀን ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ዘመድ በመኪና ተጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጓዛል። መንገዱ ባዶ ነው፣ ሰዓቱ ረፍዷል ተብሎ ይቸኮላል፣ ሾፌሩ ሌሊቱን ሙሉ ድግስ ሲያሰናዳ ያደረ ነው። በዚያ ሁሉ መሃል የዕለቱ ባለቤት በነጠላ ተጠቅልሎ በክርስትና አባቱ፣ ሴት ከሆነች በክርስትና እናቷ፣ እቅፍ ውስጥ አለ። አንገቱን ገና ማቆም ያልቻለ ሕፃን ነው። እባካችሁ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ በሕፃን ወንበሩ ታስሮ ይሂድ። ከዚያ በኋላ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቀፉት።

«ቅርብ ነው» የምትሉም አላችሁ። ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከስታዲየም ሜክሲኮ፣ ምን አለው? ከፊታችሁ ያለው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው «ወራጅ አለ» ሲል ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ፍሬቻ የለም፣ ጥግ መያዝ የለም፣ ባለበት ይቆማል። እናንተም ፍሬኑን ትረግጣላችሁ፤ ከኋላ የቆመው ልጅ በፊት ወንበሮቹ መሃል አልፎ ይመጣል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጋጨት ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ ከመውደቅ ጋር አንድ ነው፣ በ50 ደግሞ ከ10 ሜትር። ልጃችሁን ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ብታዩት ትጮሃላችሁ።

«እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» ለምትሉ፣ አሜን፣ ይጠብቀው። ግን ማታ ጸልያችሁ ስታበቁ የግቢውን በር ሳትቆልፉ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን የሕፃን ወንበር ወደገዛችሁት ልምጣ። እሰየው፤ ነገር ግን ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ወንበሩን አስቀመጣችሁት እንጂ አላሰራችሁትም። ልጁ ከወንበሩ ጋር ታስሯል፣ ወንበሩ ግን ከመኪናው ጋር አልታሰረም፤ ሲጋጭ ሁለቱም አብረው ይበራሉ። ስትገጥሙት ጉልበታችሁን ወንበሩ ላይ አሳርፋችሁ ተጫኑት። ቀበቶውን መመሪያው በሚያሳየው ቀዳዳ አሳልፉና ቀጭ እስኪል ሰክታችሁ የላላውን ሁሉ ሳቡ። ከዚያ ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ አልታሰረምና ፍቱት፣ እንደገና ጀምሩ። በቅርቡ የገቡትን የኤሌክትሪክ መኪኖች የገዛችሁ ደግሞ በኋላ ወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ መጋጠሚያ መሃል ጣታችሁን አስገቡ። በአብዛኞቹ ውስጥ ሁለት የብረት ቀለበቶች ታገኛላችሁ። አይሶፊክስ የሚባለው እሱ ነው፤ ለዚያ የተሠራ ወንበር ካላችሁ ቀጭ ብሎ ይያዛል፣ ተሳስቶ የመገጠም ዕድሉም ይቀንሳል። ስንቱ ሰው ያንን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ በገዛው መኪና ውስጥ ይህ መኖሩን ሳያውቅ ልጁን ይታቀፋል!

ሕፃኑን ቶሎ ወደ ፊት አታዙሩት። «እግሩ ተጣጠፈ፣ ይደብረዋል» ብላችሁ ዓመት ሳይሞላው ታዞሩታላችሁ። የታጠፈ እግር ምንም አይሆንም። የሕፃን ራስ ግን ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፣ የአንገቱ አጥንትም ገና አልጠናም። ፊቱ ወደ ኋላ ከሆነ የግጭቱን ኃይል ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው አንድ ላይ ሆነው በወንበሩ መደገፊያ ላይ ይካፈሉታል። ፊቱ ወደ ፊት ከሆነ ደረቱ ይያዛል፣ ራሱ ይወነጨፋል፤ ያንን የሚያስቆመው ያች ቀጭን አንገት ብቻ ናት። አር 129 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ወደ ኋላ እንዲዞር ያስገድዳል። ስዊድኖች እስከ 4 ዓመት ገደማ ያቆዩታል። ወንበሩ የሚፈቅደው ክብደትና ቁመት እስኪያልቅ ድረስ ታገሡ።

የብርድ ነገርም አለ። ክረምት ላይ፣ ወይም በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት፣ ልጁን በወፍራም ጃኬት ጀቡናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም በጋቢ ጠቅልላችሁ፣ ማንገቻውን ከላይ ታስሩታላችሁ። ጥብቅ ይመስላል። በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ይጨመቅና ማንገቻው ልል ሆኖ ልጁ ሊያመልጥ ይችላል። ጃኬቱን አውልቁ፣ ማንገቻውን ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ስትቆነጥጡት የሚያዝ ትርፍ እስኪጠፋ ድረስ አጥብቁ፣ ጋቢውን ከዚያ በኋላ ከላይ ደርቡለት። አይበርደውም።

ትልልቆቹን አትርሱ። የ6 እና የ7 ዓመት ልጅ አድጓል ተብሎ በአዋቂ ቀበቶ ብቻ ሲታሰር ቀበቶው በአንገቱና በሆዱ ላይ ያልፋል። ቀበቶ መያዝ ያለበት አጥንት ነው፤ ትከሻንና ዳሌን። ሆድን ከያዘ የውስጥ አካልን ይጎዳል። ስለዚህ ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልገዋል፤ አብዛኞቹ ልጆች እዚያ የሚደርሱት ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የትከሻውን ቀበቶ አንገቱን ከረከረው ብላችሁ በብብቱ ሥር ወይም በጀርባው አታሳልፉለት።

ደግሞ የኋላው ቀበቶ ራሱ የት አለ? ብዙ መኪና ውስጥ የወንበር ልብስ ሲለብስ ማሰሪያዎቹ ከሥር ተቀብረዋል፤ ባለቤቱም ዓመታት ነድቶ አያውቀውም። ነገ ልብሱን ገልጣችሁ ፈልጓቸው፣ ለልብስ ሰፊው ወስዳችሁም በየማሰሪያው ልክ ቀዳዳ ይክፈትላችሁ። ቀበቶ እሰሩ እያለ የሚጮኸውን ድምፅ ለማፈን ባዶ ማሰሪያ የምትሰኩም ተዉ። ያ ድምፅ የሚጮኸው ለእናንተው ነው፣ ልጆቻችሁም ከኋላ ሆነው ያያሉ።

ወንበር መግዛት የማይችል ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ በእሱ ላይ ጣቴን አልቀስርም። እሱም ቢሆን ልጁን ከጋቢና ያውርድ፣ ራሱን ችሎ የሚቀመጠውን ኋላ ለየብቻ በቀበቶ ይሰር፣ ሁለቱን በአንድ ቀበቶ አያጣምር። ለቸርኬና ለድምፅ ማጉያ ገንዘብ ኖሮት ለልጁ ወንበር ግን «ውድ ነው» የሚለውን ሰው ነው የምገሥጸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሕፃናት ወንበር በመኪና አደጋ የሚደርስን የሕፃናት ሞት 71 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ይህን ያህል የሚያድን መድኃኒት ቢሸጥ ተሰልፈን እንገዛ ነበር።

የተማሪ ሰርቪስ የምትከፍሉ ወላጆች፣ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁና ጠይቁ። መኪናው ስንት ልጅ ይጭናል? ስንት ቀበቶ አለው? ጋቢና የሚቀመጠው የማን ልጅ ነው? በስልክ ታክሲ የምትጠሩም ወንበራችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ሾፌሮችም እስኪገጠም ሁለት ደቂቃ አትንፈጉ። ልጆች ሲወርዱ ሁልጊዜ በቀኝ፣ በእግረኛው መንገድ በኩል ይውረዱ። በኋላ በሮች ጠርዝ ላይ ያለችውን የልጅ መቆለፊያም ቆልፏት። በሠርግ ሰሞን ልጆችን በጣሪያው መስኮት ወገባቸው ድረስ አውጥታችሁ አደባባይ የምትዞሩትን ግን ምን ልበላችሁ? ደስታችሁን በልጅ ነፍስ አታሲዙት።

የራሱን ልጅ በሚገባ አስሮ በሰው ልጅ ላይ የሚነዳም አለ። በዚህች ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ስልካችሁን ብታዩ 28 ሜትር ያህል መንገዱን ሳታዩ ተጉዛችኋል፤ ከዜብራው ወዲያ ማዶ ድረስ ማለት ነው። ስልክ እየተጠቀመ የሚነዳ ሰው ለአደጋ የመጋለጡ ዕድል አራት እጥፍ ገደማ ነው። የእግረኛው መንገድ አሁን ሰፍቷል፣ መብራቱም በርቷል፤ ማታ ማታ መንገዱ ሲለቀቅ ግን ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚነዳው ሁሉ እንደ ውድድር ይነዳል። ዜብራ ላይ ክላክስ አታድርጉ። ቁሙ። ቦርሳ ያዘለ ልጅ ስታዩ ደግሞ ከኋላው ሌላ እየሮጠ ይመጣልና ቆማችሁ ጠብቁ።

ለአራስ ጥየቃ ገንፎ ልትበሉ የምትሄዱ ዘመዶችና የሥራ ባልደረቦች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየቤቱ የሕፃን ልብስ ሞልቶ ሦስት ወር ሳይለበስ ይጠባል። ያንን ተዉና አንድ ላይ አዋጥታችሁ ወንበር ግዙላት። ውጭ አገር ያላችሁ እህትና ወንድሞችም ያገለገለ ስትልኩ ከሥሩ የተለጠፈውን የደረጃ ምልክትና የተሠራበትን ዓመት አንብቡ። ግጭት ውስጥ የነበረ ወይም የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈ ወንበር አትላኩ፤ መመሪያውንም አብራችሁ አሽጉ። መዋጮው ግን ከመውለዷ በፊት ይጠናቀቅ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ወንበሩ ተገጥሞ፣ ተነቅንቆ፣ ኋላ ወንበር ላይ ሊጠብቃት ይገባል።