ዓይንን ጨፍኖ ቤት የመግዛት ጥበብ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ነውር ሊፈጸም ነበር። አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ የቤት ሽያጭ ውል ይፈረማል። ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ ሁለት ደላላ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ጥብሱም ቀርቧል። ቤቱ ከከተማ ወጣ ያለ፣ ከአባት የተወረሰ አሮጌ የገጠር ቤት ነው። እኔ ከጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ ነው። ሁሉም ነገር እንደ ወጉ ሲሄድ ቆይቶ የገዢው ታናሽ ወንድም ከኪሱ ሜትር አወጣ። አዎ፣ ሜትር። ያ አናጺ ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው፣ ሲለቁት ሽርር ብሎ የሚገባው። «ከመፈረማችን በፊት ሄደን ግቢውን ብንለካው?» አለ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሻጩ ጉርሻውን መለሰው። ሽማግሌው ልጁን በሐዘን አዩትና «ምነው ልጄ፣ አላመንከንም እንዴ?» አሉት። ታላቅየው በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው። ሜትሩ ሽርር ብሎ ገባ። ውሉ ተፈረመ፣ ተጨበጨበ፣ ቢራ ታዘዘ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ጨዋ ሕዝብ ከየት ይገኛል? ገበያ ወርደን ዶሮ ስንገዛ ላባዋን እፍ ብለን ደረቷን እናያለን፣ በእጃችን መዘን ክብደቷን እንገምታለን፣ በ50 ብር ልዩነት ተኳርፈን ሄደን ተመልሰን እንመጣለን። ቤት ሲሆን ግን ክብራችን ይነሳል። በር ላይ ቆመን አንዴ እናያለን፣ «ጥሩ ነው» እንላለን፣ ቀብድ እንከፍላለን። ዶሮዋ አትቀየምማ። ባለቤቱ ይቀየማል።

ደግሞስ መለኪያ ጠፍቶ ነው ሜትር የሚያስፈልገው? እግር አለ። ሻጩ አንድ ሕፃን ይጠራና «በል፣ ከአጥሩ እስከ አጥሩ ቁጠርላቸው» ይለዋል። ሕፃኑ እየሮጠ ይቆጥራል። 60 እርምጃ! ገዢው ይደነቃል። የገዛው በአንድ የሰባት ዓመት ልጅ እርምጃ መሆኑን የሚያስበው ቆይቶ ነው። ረጅሙ የሻጩ አጎት ለምን እንዳልተጠራ የሚጠይቅ የለም፣ እርሳቸው ቢራመዱ ግቢው ግማሽ ይሆን ነበር።

ድንበሩስ? እሱማ ይታወቃል። በክልላችን ለገጠር መሬት የሚሰጥ የይዞታ ደብተር አለ፤ የባልና የሚስት ስም፣ ፎቷቸውም ጭምር ያለበት። በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ይዞታው በገመድና በዓይን ግምት ታይቶ፣ ወሰኑ በጎረቤት ስም ተጻፈ። በምሥራቅ አያ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ። ችግሩ አያ እገሌ ከሞቱ ቆዩ። ልጆቻቸው ማሳውን ተካፍለውታል። አንደኛው የቅንጭብ አጥሩን በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ወደዚህ ይገፋል። ወጣት ነው፣ ጉልበት አለው። ድንበር ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ይራመዳል። በሁለተኛው ዙር ልኬት በጂፒኤስና በአየር ፎቶ የተሠራ ካርታ ይወጣል ይባላል። ይወጣል፤ ግን ካርታ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ አሁንም ሰው ያስቀይማል።

እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን የሐይቅ ዳር ቤት ገዢውን ነው። ስሙን አልጠራም፤ አንድ ሰው አይደለማ፣ በየዓመቱ አዲስ ይወለዳል። እናንተም አንድ ሁለቱን ታውቃላችሁ። ለዛሬ «ጋሼ» እንበላቸው።

ጋሼ ቤት ሊያዩ የሚሄዱት በግንቦት ነው። ጣና በግንቦት ሸሽቷል። ከቤቱ ፊት ለፊት ለጥ ያለ መስክ ተዘርግቷል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ከመስኩ ማዶ ውሃው ያብለጨልጫል። ደላላው እጁን ይዘረጋል። «ጋሼ፣ እስከ ውሃው ድረስ የእርስዎ ነው።» ጋሼ ልባቸው ይሞላል። እዚህ ጋ ወንበር፣ እዚያ ጋ ማንጎ፣ ወዲያ ደግሞ የልጅ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይታያቸዋል።

ጋሼ ሞኝ አይደሉም። ይጠይቃሉ። የባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ወገብ ድረስ የደረቀ ጭቃ አይተው «ይሄ ምንድነው?» ይላሉ። «ከብት ሲታከክበት ነው ጋሼ።» ደፉ ለምን እንዲህ ከፍ አለ? «ለክብር ነው ጋሼ፣ የድሮ ሰው ክብር ያውቃል።» የአልጋው እግሮች ለምን ድንጋይ ላይ ቆሙ? «ለቁንጫ ነው።» ጣሪያው ሥር የተሰቀለችው የደንገል ታንኳስ? «ለጌጥ ነች። ፈረንጅ ሲመጣ ፎቶ ያነሳታል።» ጎረቤቶቹ ሁሉ ለምን ወደ ኮረብታው ወጥተው ሠሩ? እዚህ ላይ ደላላው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጋሼ፣ የገጠር ሰው የሐይቅ ዳር ዋጋ የት ያውቃል? እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።»

ጋሼ ያውቃሉ። ይፈርማሉ። ውሉ ላይ «በሰሜን ጣና ሐይቅ ያዋስነዋል» ተብሎ ይጻፋል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዟት።

ሰኔ ይገባል። ግልገል አባይ ይሞላል፣ ጉማራና ርብ ይሞላሉ፣ መገጭ ከጎንደር በኩል ያለውን ጠርጎ ያመጣል፤ ሁሉም ወደ አንድ ገበታ ነው የሚፈሱት። ጣና በበጋና በክረምት መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ሜትር ሲሉት ትንሽ ነው። ለጥ ያለ መስክ ላይ ሲሆን ግን አንድ ሜትር ሽቅብ ማለት ብዙ እርምጃ ወደፊት ማለት ነው፤ ያውም በረጅሙ አጎት እርምጃ። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ውሃው በበር ይገደባል፣ ይለቀቃል። የበሩ ጠባቂዎች ግን ስለ ጋሼ ወንበር ሰምተው አያውቁም።

በሐምሌ ሣሩ ይረጥባል። ጋሼ «አማረበት» ይላሉ። በነሐሴ እንግዳ ክፍል ውስጥ እንቁራሪት ታድራለች። «የገጠር ሕይወት እንዲህ ነው» ይላሉ። በመስከረም ሐይቁ ራሱ ይገባል፤ ጫማ ሳያወልቅ፣ ደፉን በክብር ተሻግሮ። አምባዛ ከአልጋ ሥር ይርመሰመሳል። የእንቁጣጣሽ ዕለት አበባየሆሽ የሚሉት ልጃገረዶች በሩ ድረስ መድረስ አቅቷቸው ከኮረብታው ላይ ይዘፍኑላቸዋል። አበባ አላመጡላቸውም፣ አያስፈልግማ፤ እንቦጩ ሐምራዊ አበባውን ይዞ ሳሎን ደርሷል። ጋሼ ለሽልማት የሚሰጡትን ብር በዚያች ለጌጥ በተሰቀለች ታንኳ ይልኩላቸዋል።

ፍርድ ቤት ቢሄዱስ? ሻጩ ውሉን ያወጣል። በሰሜን ጣና ሐይቅ ያዋስነዋል። ያዋስነዋላ! መቼ ነው ጎድሎ የተገኘው? በግንቦት ከመስኩ ማዶ ያዋስነዋል፣ በመስከረም ከአልጋው ማዶ ያዋስነዋል። ከኮረብታው ላይ ያሉት ሽማግሌዎች የ1998ቱን ነሐሴ፣ ፎገራንና ደምቢያን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ አንድ በአንድ ያስታውሳሉ። ይነግሯቸውም ነበር። ጋሼ ግን እነሱን አልጠየቁም፣ ደላላውን ነው የጠየቁት።

ታዲያ ጋሼ ከሰሩ ብላችሁ እንዳታዝኑ። በኅዳር ውሃው ይመለሳል። ግድግዳው በጭቃና በጭድ ይመረጋል፣ ነጭ ቀለም ይቀባል። ታንኳዋ ወደ ቦታዋ ትሰቀላለች። በግንቦት አንድ አዲስ ጋሼ ይመጣሉ። የባሕር ዛፉ ግንድ ላይ ያለውን ጭቃ አይተው «ይሄ ምንድነው?» ይላሉ። የእኛ ጋሼ ሳል ሳል ይላቸውና «ከብት ሲታከክበት ነው» ይላሉ።

ከሐይቁ ራቅ ያላችሁ ደግሞ ቅር አይበላችሁ፣ ለእናንተ ምስጥ አለላችሁ። ምስጥ ጨዋ ነው፣ ምሰሶውን ከውስጥ እየበላ ቅርፊቱን ለባለቤቱ ይተውለታል። ካቻቪቴ ይዞ ምሰሶውን ከሥሩ ወጋ ወጋ ያደረገ ሰው በአንድ ደቂቃ ያውቀው ነበር። ግን እንግዳ ሆኖ የሰው ምሰሶ መውጋት ምን ይባላል? ዋልካ አፈርም አለ፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ግድግዳውንም አብሮ ያወዛውዘዋል። ስንጥቁን አዲስ ቀለም ይሸፍነዋል። አሮጌ ቤት ውስጥ ትናንት የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ስታዩ ምን ትላላችሁ? «ሰውየው ንጹሕ ነው» ትላላችሁ። በቃ፣ እንደዚያው ቀጥሉ።

ሕግ የሚባል ነገርም ጣልቃ እየገባ ያውከናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በሚመለከተው አካል ፊት ይመዝገብ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። መሬቱ ካልተሸጠ የምንገዛው ጣሪያውንና ግድግዳውን ነው ማለት ነው። ያንኑ ነው እንግዲህ ሳናየው የምንገዛው። ለሕጉ ደግሞ መላ አለን። እጅግ ደግ ሕዝብ ስለሆንን፣ አንድ ገበሬ ዘመዱ ላልሆነ፣ ከዚህ በፊት አይቶት ለማያውቀው ሰው ይዞታውን በስጦታ ይሰጠዋል። ተቀባዩም በዚያው ቀን፣ እንዲያው በአጋጣሚ፣ በሰጪው የባንክ ደብተር ገንዘብ ያስገባል። ስጦታ ደግሞ አይለካም። ስጦታ የሚለካ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሚስትየዋ ከለቅሶ ስትመለስ «ፎቶዬ ያለበት ደብተር የት ሄደ?» ብትል እሷም ደግነት የማይገባት ናት።

አሁን ግን ለአፍታ ሽሙጡን ልተወው። ቤይሩት የሰው ቤት እየጠረገች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች፣ ከደመወዟ እየቆረጠች የምትልክ ልጅ አለች። ለእናቷ ቤት ግዙልኝ ብላ ነው የምትልከው። እዚህ ያለው ወንድም ሜትር ማውጣት ስላፈረ፣ ምስክሮቹ የሚያውቁትን መናገር ስላፈሩ፣ ዓመታት የለፋችበት በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የዚያ ቤት ግማሽ ግቢ ክርክር ላይ መሆኑን ያ ሁሉ ጎረቤት ያውቅ ነበር። ምስክር ሆኖ የፈረመው ሰውዬ ያውቅ ነበር! ፈርሞ፣ ጥብሱን በልቶ፣ አበሉን ተቀብሎ ሄደ። ደላላውም ከሁለቱም ወገን ወሰደ። ይህ ይሉኝታ አይደለም። ሌብነት ነው። እያዩ ዝም ማለትም ከሌብነቱ ይቆጠራል።

እሺ፣ ወደ ሽሙጤ ልመለስ፣ እሱ ይሻላል።

ለነገሩ ሜትር ጠልተን እኮ አይደለም። ተራው ሳይደርስ ማውጣቱን ነው የምንጠላው። ከገዛን፣ ከተጣላን፣ ፋይል ከከፈትን በኋላማ እንለካለን። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ሂዶ ይለካ ብሎ ያዛል። ያን ጊዜ ቀያሹ ይመጣል፣ ጂፒኤስ ይቆማል፣ ችካል ይመታል፣ መንደሩ ሁሉ ይወጣል። ያን ዕለት በሆቴሉ በረንዳ ላይ ሲቆጡ የነበሩት ሽማግሌም የሜትሩን ጫፍ ይይዛሉ። «ሳብ አድርገው፣ ሳብ!» ይላሉ። ያን ጊዜ ማንም አይቀየምም፣ አስቀድመን ተቀይመን ጨርሰናላ።

ይህን ሁሉ አንብባችሁም ከመፈረሜ በፊት ልይ፣ ልለካ የምትሉ ግትሮች አትጠፉም። እሺ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉ። ደብተሩን ይዛችሁ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ጋ ሂዱ፣ ሥሙ የማን እንደሆነና ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ጠይቁ። ጎረቤቶቹን ሁሉ በአንድ ቀን ጠርታችሁ ድንበሩን አብራችሁ ዙሩ፤ አንደኛው «አልመጣም» ካለ ለምን እንደሆነ እወቁ። ከሻጩ ይልቅ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ጠይቁ፣ ውሃ የት ድረስ እንደሚመጣ እግራቸው ያውቃል። ባለሙያ ክፈሉና ይለካላችሁ፣ ምሰሶውንም ይውጋላችሁ። ቤቱን ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናብ እየዘነበ እዩት። ደላላው «በዝናብ ቤት አይታይም» ይላችኋል። ለምን እንደማይታይ ጠይቁትና መልሱን ለእኔም ላኩልኝ።