«ጋሼ፣ ይህን ሞተር ተዉት» ለምትሉኝ ሁሉ

ሰሞኑን አንድ ነገር አንገብግቦኛል፤ ልተንፍሰው።

ዕድሜዬ ስልሳን ዘሏል። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሞተር እነዳለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ወዲያው መካሪ ይሆናል። ምክሩ ደግሞ አንድ ነው። ልጆቼ «ተወው አባዬ»። ጎረቤት «ጋሼ፣ ኧረ ይተዉት»። የነፍስ አባቴ ሳይቀሩ «ልጄ፣ ይቅርብህ»።

«እንዲህ አድርገህ ንዳው» ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ሥራዬ ከብት ማከም ነው። ከመንግሥት ቤት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የወተት ላም ያላቸው ሰዎች ጋ በግሌ እየዞርኩ እሠራለሁ። ሱሉልታን የሚያውቅ ያውቃል፤ የወተት አገር ነው። ላም ምጥ ሲጠናባት በውድቅት ሌሊት ይደወላል። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። ቢኖርም ጭቃው ውስጥ አይገባም። በጡረታዬ መኪና ልግዛ ብል ደግሞ ሰው ይስቅብኛል። እና «ተዉት» ስትሉኝ እንጀራዬን ተው እያላችሁኝ ነው።

እርጅናን አልክድም። ማታ ከፊቴ የሚመጣ ሲኖትራክ መብራቱን ሳይቀንስ ሲያልፈኝ፣ ዓይኔ እስኪመለስ መንገዱ ይጠፋብኛል። ወጣት ሳለሁ እንዲህ አልነበረም። ዓይን ሲያረጅ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል፤ ድንገተኛ መብራት ሲመታውም ቶሎ አያገግምም። አንገቴም እንደ ድሮው አይዞርልኝም፣ ኑሮዬ በስፖኪዮ ሆኗል። እጅም ይዘገያል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ግማሽ ሰከንድ መዘግየት ማለት ድንገት መንገድ የገባችው አህያ ጋ መድረስ ማለት ነው።

ግን ለዚህ ሁሉ መላ አለው! መብራት ሲያጥበረብር ፍጥነት ቀንሶ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ማየት። ከፊት ያለው መኪና ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሮ፣ እኔ ምሰሶው ጋ እስክደርስ ቢያንስ ሦስት አራት ሰከንድ መተው። የወደቀ ሞተር ማንሳት እንኳ ብልሃት አለው፤ ጀርባን ሰጥቶ በጭን ኃይል ነው እንጂ በወገብ አይደለም። ይህን ከእዚህም ከእዚያም ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። አስተማሪ የሚባል ሰው አልነገረኝም።

ልማር ብዬ አንድ ማሰልጠኛ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። አንድ ጎረምሳ ተቀበለኝ።

«ፋዘር፣ ለማን ነው? ለልጅዎ?»

«ለራሴ።»

«መንጃ ፈቃድ የለዎትም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ሊሆንልዎ?»

«ፍሬን መያዝ ልማር።»

ሳቀ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወንበርም ስቦልኛል። ችግሩ እሱ አይደለም። እዚያ ቤት የሚሸጠው ፈተና ማለፍ ነው። ስምንት ቁጥር ትዞራለህ፣ እግርህን መሬት አታስነካም፣ አለቀ። መንገድ ላይ ስምንት ቁጥር የሚዞር ሰው ደግሞ እስካሁን አላየሁም። ሰክሮ ካልሆነ በቀር።

ፍሬን ያልኩት ለዋዛ አይደለም። እኛ ሰፈር ሞተር የሚነዳውን ሁሉ ጠይቁ። «የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል» ይላችኋል። ድሮ የመሥሪያ ቤት ዲቲ ሞተር ሲሰጡኝም የተነገረኝ ይኸው ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላው ጎማ ይቀላል። የቀለለ ጎማ አጥብቀው ሲይዙት ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም። ደረቅ አስፋልት ላይ የማቆሙን ሥራ 70 በመቶ ገደማ የሚሠራው የፊተኛው ነው። ሰው የሚወድቀው በአያያዙ ነው። ደንግጦ አንዴ ጨምድዶ ሲይዘው ጎማው ይቆለፋል፣ መሪውም ያመልጠዋል። ሎሚ እንደሚጨምቅ ሰው በቀስታ ጀምሮ እያጠበቀ ሲሄድ ግን ጎማው መሬቱን ይነክሳል። ሞተሩ ቀጥ ይበል፣ ዓይንም ወደ ሩቅ ይይ። ከካባ የሚመጡት መኪኖች ገረጋንቲ ያፈሰሱበት ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ስልት ነው፤ እዚያ የፊቱን መንካት በጣም በስሱ ነው፣ ከሁሉም የሚሻለው ቀድሞ መቀነስ ነው።

ይህን ማንበብ ብቻውን ምንም አያደርግም። የሚማረው እጅ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ደጋግሞ መሞከር፣ አጠገብ ቆሞ «አሁን ጨመደዱት፣ እንደገና» የሚል ሰው ማግኘት ያስፈልጋል። ያ ሰው ነው የጠፋው።

ይህ የሽማግሌ ጭንቀት ብቻ የመሰለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ አንድ ጥናት ልጥቀስ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መረመሩ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ሥልጠና ያልወሰዱ ነበሩ፤ ወይ በራሳቸው የለመዱ፣ ወይ ጓደኛና ዘመድ ያሳያቸው። አብዛኞቹ በጭንቅ ሰዓት የኋላውን ረግጠው ሲንሸራተቱ የፊቱን በቅጡ አልያዙትም። የእኛን ሰፈር አይተው የጻፉት ነው የሚመስለው። እዚያ አገር ከ1973 ጀምሮ የሞተር ነጂ ማሰልጠን ሥራው የሆነ ፋውንዴሽን አለ። መንጃ ፈቃድ ላለውም፣ ዓመታት ቆይቶ ወደ ሞተር ለሚመለሰውም ኮርስ ይሰጣል። እዚያ ስትሄድ «ፋዘር፣ ለማን ነው?» የሚልህ ያለ አይመስለኝም።

የእኛ መፍትሔ ምንጊዜም መከልከል ነው። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ልዩ ፈቃድ ከሌለው በስተቀር ሞተር እንዳይነዳ አገደች። በጊዜው የተሰጠው ምክንያት ወንጀል ነበር፣ እሱን አልከራከርም። ከወሰኑ ወዲህ ያለነው ግን ሞተራችንን ይዘን አለን። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ዞር ዞር በሉ። ጎረምሳው ብቻ አይደለም የሚነዳው። መምህሩ፣ ቀያሹ፣ የጤና ባለሙያው፣ እንደኔ ያለ የከብት ሐኪም አለ። ብዙዎቻችን ሸብተናል።

ስለ ሄልሜት ብዙ አልልም። በትክክል ከተደረገ የሞትን አደጋ በ40 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ የዓለም ጤና ድርጅት ሲናገር ኖሯል። እኛ ጋ ግን የግንባታ ቆብ አድርጎ የሚነዳ አለ። ደህናውን ገዝቶ ማሰሪያውን የማያስር ደግሞ ይብሳል። ትራፊክ ሲያይ ብቻ የሚያጠልቀውንማ ተዉት።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ የሚውል አንድ ደልዳላ ሜዳ። ጥቂት የፕላስቲክ ምልክቶች። ማስተማር የሚችል፣ ሽማግሌ ሲያይ የማይስቅ አንድ ሰው። ማሰልጠኛዎቹ ቢያስቡበት ገበያም ነው፤ እንከፍላለን። የኢንሹራንስ ሰዎችስ ምነው ዝም አላችሁ? አጥንታችን ሲሰበር የምትከፍሉት እናንተ አይደላችሁ?

በሱሉልታና በጫንጮ መካከል እንዲህ ያለ አሰልጣኝ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጠቁሙኝ። በዕድሜዬ ያላችሁ ነጂዎችም ብቅ በሉ፣ አምስት ስድስት ከሆንን አሰልጣኙን ከከተማም ቢሆን እናስመጣዋለን። «በዚህ ዕድሜ ሞተር ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ልትጽፉ ያሰባችሁ ደግሞ፣ እሱን ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ ጻፉት። ጊዜ ይኖራችኋል።