ቢራ ነው ኮሶ?

ቅዳሜ ማታ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ወዳጃችን ቤዝመንት ውስጥ አምስት ሆነን ተቀምጠናል። ወዳጃችን እቤቱ ቢራ መጥመቅ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኛም እየቀመስን «አሪፍ ነው» ማለት ከጀመርን ሁለት ዓመታችን ነው። የዚያን ዕለት ግን ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን ይሉኝታው አለቀበት።

አንዴ ተጎነጨ። ፊቱን ቋጠረ። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ አየው።

«ይሄ ቢራ ነው ኮሶ?»

«አይፒኤ ነው» አለ ጠማቂው ረጋ ብሎ። ሆፕ የበዛበት፣ መረር የሚል የቢራ ዓይነት ነው።

«ስሙን መች ጠየቅኩህ! ኮሶ አልታየኝም እኮ።»

ሳቅን። ጠማቂው አልሳቀም። ማስረዳት ጀመረ። የተጠቀመው ሆፕ፣ ማለትም ቢራን የሚያመርረው አበባ፣ ካስኬድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴራ ኔቫዳ የሚባለው ጠማቂ ድርጅት ፔል ኤል የተባለ ቢራውን መጥመቅ ሲጀምር ሰዉን ያስደነገጠው የዚህ ሆፕ ሽታ ነው። የብርቱካን ልጣጭ፣ ትንሽም ጥድ ጥድ ይላል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ክራፍት ቢራ የሚባለው ነገር ብዙው ከዚያ የተቀዳ ነው አለን።

ታክሲ ነጂው ሰምቶ ጨረሰና «ብርቱካን ሲያምረኝ ብርቱካን እገዛለሁ» አለ።

ከዚያ የራሱን ተናገረ። ለእሱ ቢራ ማለት ጃምቦ ነው። ከሥራ በኋላ፣ ፒያሳ፣ ከጥብስ ጋር፣ አረፋው ሳይወርድ። ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠጣ የኖረ ቢራ ነው፣ ማን ነው እሱን የሚያስተካክለው? አጠገቡ ካለው ከረጢት የሀገር ቤት ቢራ አወጣ። ከሱቅ ገዝቶ ነው የመጣው። የማርካውን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የጠማቂው አልነበረምና።

ቀዳልን። ቀመስን። ዝም አልን።

«ምን ሆኗል ይሄ?» አለ ራሱ። «እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል።»

ጠማቂው ጠርሙሱን አገላበጠው። ቀኑ ካለፈ ሰንብቷል። አየር ቀስ እያለ ቢራን ሲያበላሸው የሚመጣው ጣዕም ልክ እሱ ነው አለ፣ እርጥብ ካርቶን። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ባሕር አቋርጦ፣ መጋዘን ውስጥ ከርሞ፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት ቆሞ የመጣ ቢራ ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ?

እዚህ ላይ እኔም አላመለጥኩም። ይዤ የሄድኩት ከአውሮፓ የመጣ፣ አረንጓዴ ጠርሙስ ያለው ቢራ ነበር። ከአንድ ሱቅ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ከሚመታው ቦታ አንስቼ ነው የገዛሁት። ቆርኪውን እንደከፈትኩት ታክሲ ነጂው አፍንጫውን ያዘ።

«ስከንክ! በናታችሁ፣ ሌሊት ሀይዌይ ላይ የተገጨ ስከንክ!»

ስከንክ ሲፈራ የሚገማ ፈሳሽ የሚረጭ የአሜሪካ አውሬ ነው፣ ሌሊት የሚነዳ ሰው ሽታውን አይስትም። ደግሞም ምሳሌ ብቻ አይደለም። ብርሃን የሆፑን መራራ ነገር ሲሰብረው ድኝ ያለበት ውህድ ይፈጠራል፣ እሱም ስከንኩ ከሚረጨው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በደንብ ይከላከላል። አረንጓዴው ያምራል እንጂ ብዙም አይረባም። ነጩ ጭራሽ ምንም አይከላከልም። እኔ ግን ለዓመታት ያ ሽታ «የአውሮፓ ጣዕም» ይመስለኝ ነበር። ተጨማሪ ዶላር እየከፈልኩበት!

ከፍራንክፈርት የመጣው እንግዳ እስካሁን ዝም ብሎ ይሰማል። አሁን ተነሳና ከሻንጣው ጥቁር ጠርሙስ አመጣ። ከባምበርግ ነው አለ፣ ሽሌንከርላ የሚባለው ጢስ ቢራ። ብቅሉን የሚያደርቁት በእንጨት እሳት ጢስ ነው። ገና ሲቀዳው ክፍሉ ታጠነ።

የጠማቂው አማት ጥግ ላይ ተቀምጠው ሻሽ ይቋጫሉ። ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ስድስተኛ ወራቸው ነው። ክርክራችንን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ሽታው ሲደርሳቸው ግን ቀና አሉ።

«ጋን ያጠነው ማነው?»

ብርጭቆውን አሻገርንላቸው። አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። «ወይራ አይደለም» አሉ።

«ቢች የሚባል እንጨት ነው እማማ» አለ እንግዳው።

«ምነው ወይራ አጡ?»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ሌላ ሆነ። ጠማቂው የጋኑ ጢስ ዓላማው ንጽሕና ነው ባይ ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ትርፍ ተሕዋስ ይሞታል። እሱ ያንኑ ሥራ ሽታ በሌለው ፈሳሽ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል። እማማ አልተዋጠላቸውም። «ንጽሕናውማ የሁሉም ነው። ሽታው ከሌለ ግን ጠላ ብለህ ለሰው አታቀርብም።»

እንግዳው የጀርመኖቹን ሕግ አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1516 ባቫሪያ ውስጥ ቢራ በውሃ፣ በገብስና በሆፕ ብቻ እንዲጠመቅ ታዘዘ። ሌላ ነገር አይጨመርም። ትንሽ ኮራ ብሎ ነው የተናገረው።

«እርሾውስ?» አሉ እማማ።

እንግዳው ፈገግ አለ። እርሾ የተዘለለው ያኔ ምንነቱ ስለማይታወቅ ነው። ፓስተር ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ያሳየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ብራሰልስ አካባቢ ላምቢክ የሚባለውን ቢራ የሚጠምቁት ደግሞ እስከ ዛሬ እርሾ አይጨምሩም አለ። የፈላውን ገብስ ሰፊ ገበታ በመሰለ ዕቃ ላይ ክፍቱን ያሳድሩታል። አየሩ ያመጣበታል፣ በርሜሉም ይጨምርበታል። ውጤቱ ኮምጠጥ ይላል፣ ዋጋው ደግሞ ከወይን ጠጅ ይፎካከራል።

«ጋንም እንደዚያው ነው» አሉ እማማ። «አዲስ ጋን ጥሩ ጠላ አይሰጥም። መልመድ አለበት።»

እንዲህ ስላችሁ እማማ በሁሉም ረቱን ማለቴ አይደለም። «የናንተ ሆፕ ያው ጌሾ ነው፣ ስሙን ፈረንጅኛ አድርጋችሁት ነው እንጂ» ሲሉ ጠማቂው አልለቀቃቸውም። ሆፕ ሐረግ ነው፣ ለቢራ የሚፈለገው አበባው ነው። ጌሾ ቁጥቋጦ ነው፣ የሚወቀጠው ቅጠሉና እንጨቱ ነው። የቅርብ ዝምድናም የላቸውም። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ያመራሉ፣ ሁለቱም የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ይገታሉ። በጌሾና በሆፕ ስም ስንት ሰው ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

የገብሱ ታሪክ ደግሞ አለ። እማማ እንደመጡ ጠላ ሊጠምቁ ፈለጉ። ሀበሻ ሱቅ ያለውን ብቅል አይተው «ቆይቷል» አሉ። ስለዚህ ከሱፐርማርኬት ገብስ አስገዙና ራሳቸው ሊያበቅሉ ነከሩት። ኮባ ቅጠል የለ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቀለሉት። ሦስት ቀን። አራት ቀን። ገብሱ ፍንክች አላለም። ጭራሽ መሽተት ጀመረ። «ይሄ ሀገር እህሉም ሰነፍ ነው» አሉ።

እህሉ አልሰነፈም። የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ገብስ ብዙው የተፈተገ ነው። ገለባውም ሽሉም ተልጦ ወጥቷል። በምኑ ይብቀል? ጠማቂው ይህን ሲነግራቸው ሳቁ፣ ከዚያ ለቢራ የሚሆን ብቅል ከጠማቂዎች ሱቅ ገዛላቸው። አንድ ፍሬ አኝከው ጣፋጭነቱን አዩና ተስማሙ። አሻሮውን ግን ለማንም አልሰጡም። ራሳቸው ምጣድ ላይ ቆሉት፣ የቤቱ ጢስ ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ ጮኸ። የሚገርመው፣ የጊነስ ጥቁረትም የሚመጣው ካልበቀለ የተቆላ ገብስ ነው። አሻሮ ማለት ነው።

ታክሲ ነጂው ነገሩ ወደ ጠላ ሲሄድ ደስ አላለውም። «ቆይ፣ ጠላና ቢራን አንድ ልታደርጉ ነው? ጠላ በጣሳ ነው። ዛሬ ቀጠነ፣ ነገ ወፈረ፣ ከነገ ወዲያ ኮመጠጠ። ቢራ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።»

ጠማቂውም በዚህ አገዘው። መለኪያ ያስፈልጋል አለ። የእሱ ሃይድሮሜትር የፈሳሹን ስኳር ከመፍላቱ በፊትና በኋላ ይለካል፣ ልዩነቱ አልኮሉን ይነግረዋል። የእማማ ጠላ ስንት ፐርሰንት ነው? ማንም አያውቅም። ሊለካው ሞክሮ ነበር። ጠላ ግን በአንዴ አይጠመቅም። መጀመሪያ ጥንስሱ፣ ከዚያ ብቅሉና ቂጣው፣ ከዚያ እንኩሮው፣ ድፍድፉ ከሆነ በኋላ ደግሞ ውሃ። መነሻው የቱ ጋ ነው ተብሎ ይለካል? ሃይድሮሜትሩን ወደ ማኅደሩ መለሰው።

«አንተ በመለኪያህ መቼ አሳመርከው?» አሉ እማማ። «ጠርሙሱን ያፈነዳኸው አንተ አይደለህ?»

ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ክረምት 19 ሊትር የሚሆን ቢራ ሳይረጋ ቸኩሎ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረው። አረፋ እንዲሰጥ የሚጨመረውን ስኳርም አበዛው። እርሾው ጠርሙስ ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ ፈነዳ። ከዚያ ሌላው። ሚስቱ ተኩስ መስሏት ልጆቹን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች። ጣሪያው ላይ ያለው ቡናማ ምልክት እስካሁን አልለቀቀም። ታክሲ ነጂው በጣቱ አሳየን።

አንዱ «ለምን አትሸጠውም?» ብሎ ጠየቀ። መሸጥ ክልክል ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለራስ መጠጫ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ነው። ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200። እማማ ይህን ሲሰሙ ገረማቸው። እሳቸው ያደጉበት ሰፈር ጠላ ያላት ሴት እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ በር ላይ ታቆማለች፣ በቃ፣ መንገደኛው ገባ።

በመጨረሻ የራሳቸውን አስቀዱ። በፕላስቲክ ባልዲ የተጠመቀ ጠላ ነው። ጋን ስለሌለ ወይራ አጭሰው ባልዲውን እላዩ ላይ ደፍተውበት ነበር። ጥቁር ነው፣ ጥርት ያለ። ታክሲ ነጂው ሥራ ስላለው ከዚያ ኮሶ ካለውና ካመጣው ቢራ ከቀመሳት ሌላ ምንም አልጠጣም ነበር፣ ይህንንም በከንፈሩ ብቻ ነካው። ተነሳ። ኮቱን ለበሰ። በር ላይ ሲደርስ ግን ተመለሰና ለነገ የምትሆነውን በጠርሙስ እንዲሞሉለት ጠየቀ።

«ክዳኑን ላላ አድርገህ ያዘው» አሉት። «እንደሱ እንዳታፈነዳብን።»

እኔ እንደዚህ እፈርዳለሁ። ታክሲ ነጂው ስለ ጃምቦው ልክ ነው፣ ምክንያቱን ግን አላወቀውም። ያኔ ጊዮርጊስ የሚጠመቀው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ እሱ የሚጠጣው ፒያሳ ነበር። ቢራው መንገድ ላይ ያረጀበት ጊዜ አልነበረውም። ያንኑ ቢራ ቨርጂኒያ መደርደሪያ ላይ መፈለግ የከተማን ናፍቆት በጠርሙስ መግዛት ነው። ከውጭ የሚመጣ ቢራ ሁሉ አይረባም አልልም፣ የባምበርጉ ጢስ ቢራ ሻንጣ ውስጥ ተንገላትቶም ጸንቶ ደርሷል። ቀለል ያለውን፣ ወርቃማውን ቢራ ግን ከተጠመቀበት ቅርብ ካልሆነ አልገዛም። ቀኑን ሳላይማ ፈጽሞ።

ጠማቂው ስለ ንጽሕናና ስለ ትዕግሥት የተማረውን ለእማማ ማስተማር ሳይሆን ከእሳቸው ጋር ማስተያየት ነበረበት። ጠላን «መለኪያ የሌለው» ብሎ ማለፉ አልጣመኝም። የእሱ ዘንግ የማይለካው ነገር ሁሉ በዘፈቀደ የተሠራ አይደለም። እማማም ቢሆኑ «ጠላ አያሰክርም» የሚሏትን ነገር ይተዉ። ሁለት ጣሳ ጠጥቼ ደረጃውን ስወጣ አይቻታለሁ።

በሚቀጥለው ወር ጠማቂው በእማማ አሻሮ ጥቁር ቢራ ሊሞክር ነው። እሄዳለሁ። አይፒኤውን ግን ይተውልኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ኮሶ ነው።