«ምን ይሰማዎታል?» ብቻውን አይበቃም

አንድ ጸሐፊ ባነበብኩት ጽሑፋቸው የንግግር ሕክምና፣ ማለትም ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ኦቲዝም ላለባቸው አዋቂዎች አይሆንም ብለው መደምደማቸው አሳዝኖኛል። የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ አሠጣጡ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ግማሽ ያህሉ የገዛ ስሜታቸውን ለይተው መግለጽ ይቸግራቸዋል። «ምን ይሰማዎታል?» ተብሎ ዝም ያለ ሰው ሕክምናውን እምቢ አላለም፤ «ልብዎ በፍጥነት ይመታ ነበር? ማታስ እንቅልፍ ወሰደዎት?» ቢባል ይመልስ ይሆናል።

የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2012 ያወጣው መመሪያ ሕክምናው እንዲስተካከል ይመክራል፦ ቅኔ አልባ ግልጽ ንግግር፣ የጽሑፍና የሥዕል እገዛ፣ በመሃል እረፍት፣ ታካሚው አጥብቆ የሚወደውን ጉዳይ በውይይቱ ማካተት። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው! ስለ ባቡር ሲያወራ የሚፈታ አንደበት ስለ ፍርሃቱም ሊፈታ ይችላል። ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ ማስገደዱም ይቅር፤ መሬት እያዩም በሚገባ ይደመጣል።