ወግ ያለ ወግ

በመጋቢት መጨረሻ ሺያመን ላይ ዝናብ አይጠፋም። ከተማዋ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ በፉጂየን ክፍለ ሀገር፣ ከታይዋን ፊት ለፊት ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። እዚህ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በእነዚያ ዝናባማ ቀናት ሰው ሁሉ የአያት የቅድመ አያቶቹን መቃብር ሊያጸዳ ይወጣል። በዓሉ ቺንግሚንግ ይባላል። ከመቃብር መልስ ቤተሰብ ይሰበሰብና ሩንቢንግ ይበላል።

ሩንቢንግ ስስ ቂጣ ነው። ጋጋሪዋ እርጥብ ሊጥ በእጇ ይዛ የጋለውን ምጣድ አንዴ ዳበስ ታደርገዋለች። ምጣዱ ላይ የቀረችው ሽፋን ወዲያው ትደርቃለች። ተልጣ ስትነሳ ብርሃን ታሳልፋለች። ከዚያ በቀጭኑ የተከተፈ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ የቀርከሃ ቡቃያ፣ ቶፉ፣ የአሳማ ሥጋና ኦይስተር አንድ ላይ በስሎ መሐሏ ላይ ይደረጋል። ላዩ ላይ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ይነሰነሳል። ተጠቅልሎ በእጅ ይበላል። ጎረቤቴ አማ ለእኔ ሁልጊዜ አትክልቱን ብቻ ለይተው ያዘጋጁልኛል። በዓሉ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይውላል፤ እሳቸውም ጾማችንን ለምደውታል። "አማ" በአካባቢው ቋንቋ "አያቴ" ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ሲጠሩኝ ያላለቀ ሥራ ይዤ ነበር የሄድኩት። ጥግ ይዤ ላፕቶፔ ላይ እጽፋለሁ። አማ ቀረብ አሉ። አንዷን ጠቀለሉና ወደ አፌ አመጧት። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም። ጎረስኩ። እንባዬ መጣ። አጠገቤ ተቀምጠው ተረቱን ነገሩኝ።

በሚንግ ዘመን፣ ከ400 ዓመት በፊት፣ ዛሬ የሺያመን ወረዳ ከሆነው ከቶንግአን የወጣ ጻይ ፉዪ የሚባል ትልቅ ሹም ነበር። ሰውየው በታሪክ የሚታወቅ ነው። የቀረው የሕዝብ ተረት ነው። ምቀኞቹ "ዘጠኝ ሣጥን ሙሉ ሰነድ በ49 ቀን ገልብጠህ ጨርስ" የሚል ትእዛዝ አስወጡበት። ቀንና ሌሊት ይጽፋል። ምግብ ይቀርብለታል፣ ሳይነካው ይቀዘቅዛል። ሚስቱ ጨነቃት። ቂጣ ጋገረች፣ ወጡን ጠቀለለችበት፣ አጠገቡ ቆማ ታጎርሰው ጀመር። ብዕሩን ሳያስቀምጥ በላ። ሥራውም በቀኑ አለቀ። ሩንቢንግ የመጣው ከዚያ ነው ይላሉ።

ሲጨርሱ "በእናንተስ አገር እንዲህ ማጉረስ አለ?" አሉኝ። እንዴት አይኖርም! እናት ልጇን፣ ሙሽራው ሙሽሪትን፣ ባለቤት እንግዳውን እንደሚያጎርስ ነገርኳቸው። እምቢ ያለውን "አንድ ያጣላል" ብለን ሁለተኛ እንደምናጎርስም ነገርኳቸው። "ከየት መጣ?" ሲሉኝ ግን ዝም አልኩ። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

መታዘብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። በአማርኛ ወግ የምንለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ሠርጉም ልቅሶውም ወግ አለው እንላለን። ተሰብስበን ስንጨዋወትም ወግ ያዝን እንላለን። ሥርዓቱና ጨዋታው ስማቸው አንድ ነው። እዚህ ሺያመን ሁለቱን አብረው አገኘኋቸው። እኛ ጋ ግን አንዱን ይዘን ሌላውን መንገድ ላይ እየጣልን ይመስለኛል። ይህ ያሳስበኛል።

በመስከረም አካባቢ፣ የጨረቃ በዓል ሲደርስ፣ ሺያመን በየቤቱ በዳይስ ድምፅ ትሞላለች። ስድስት ዳይስ በሸክላ ሳህን ውስጥ ይጣላል። ሽልማቱ ትልቅና ትንሽ 63 የጨረቃ ኬክ ነው። ጨዋታው ቦቢንግ ይባላል። ተረቱን ሕፃን እንኳ ይነግራችኋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዤንግ ቸንግጎንግ የተባለው የጦር መሪ ሠራዊቱን እዚህ አስፍሮ ነበር። በዓሉ ሲመጣ ወታደሮቹ አገራቸው፣ ቤታቸው ናፈቃቸው። ከአዛዦቹ አንዱ ናፍቆታቸውን እንዲረሱ ጨዋታውን ፈጠረላቸው። እኔ ዘመን መለወጫን ከቤተሰብ ርቄ በዋልኩ በጥቂት ቀን ልዩነት መሥሪያ ቤት ውስጥ ዳይሱን ስይዝ ያ ተረት ወደ ልቤ ይገባል። ስለ እኔ የተነገረ ነው የሚመስለኝ።

ካቻምና የአማ የልጅ ልጅ ስትዳር ቶንግአን ወዳለው የቤተሰቡ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ሙሽራዋ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ከእህት ወንድሞቿ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ማዕድ ትቀርባለች። ምግቡ አሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አሥራ ሁለት ሲሉኝ የዶሮ ብልት ትዝ አለኝ። ባልና ልጆች ያሏቸው፣ ትዳራቸው የሰመረ አንዲት ሴት አጠገቧ ይቆማሉ። እያንዳንዱን ምግብ ሲያቀምሷት አንድ መልካም ቃል ይናገራሉ። ዶሮው ላይ ሲደርሱ "ዶሮ ብዪ፣ ቤት ሥሪ" አሏት። ነገሩ አልገባኝም ነበር። አማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ፈቱልኝ። ሚናን በሚባለው በአካባቢው ቋንቋ የዶሮና የቤት ስም በጣም ይቀራረባል። ድምፁ አንድ ያህል ነው፤ ፍቺው ሁለት።

ይህ የእኛው ሰምና ወርቅ አይደለም እንዴ? የጫጉላው አልጋ ላይም ደረቅ ቴምር መሳይ ፍሬ፣ ኦቾሎኒ፣ ሎንጋን የሚባል ፍሬና የሎተስ ዘር ይበተናል። ሰሙ የአራቱ ስም ነው። ስማቸው በማንዳሪን ተራ በተራ ሲጠራ ወርቁ ይወጣል፦ "ቶሎ የተከበረ ልጅ ውለዱ።" ቅኔ የሚያውቅ ሰው እዚያ አልጋ አጠገብ ቆሞ ቢሰማ ምን ያህል ደስ ባለው!

ሙሽራው ሲመጣ ሚዜዎቿ በር ዘጉበት። የውስጡ ገንዘብ ያለው ቀይ ፖስታ በበሩ ስር እስኪገባ፣ ዘፈን እስኪዘፍን፣ ጥያቄ እስኪመልስ አልከፈቱም። ይህን ለማንም ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛም በራችንን ዘግተን ሰርገኛ እናስለምናለን። ሙሽራዋ በሦስተኛው ቀን ከባሏ ጋር ወላጆቿ ቤት ስትመለስ ደግሞ መልስ አየሁ። ገበታው ሲቀር መልስ ራሱ ነው።

ልቤን የነካው ግን የወንፊቱ ነገር ነው። ሙሽራዋ ከደጅ ስትወጣ እኚያው ሴት ክብ የቀርከሃ ወንፊት ከራሷ በላይ ያዙላት። ወንፊቱ ላይ ባጓ የሚባለው ስምንት ምልክት ተስሏል። መኪናው ላይ ከነቅጠሉ የተነቀለ ረጅም ቀርከሃ ታስሮ ቁራጭ ጥሬ ሥጋ ተንጠልጥሎበታል። አማ ያን ዕለት ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር አብሬያቸው ተቀመጥኩ። እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ።

ዡ ጎንግ የሚባል ዕድል ተናጋሪ ነበር። ሰው የሚሞትበትን ቀን ይናገራል፤ ስቶም አያውቅ። የኮክ አበባ የምትባል አንዲት ልጅ ግን "ይሞታል" ያለውን ሰው አዳነችበት። ስሙ ጠፋ። ቂም ያዘ። ሊያጠፋት አስቦ ሽማግሌ ልኮ ለልጁ ጠየቃት። ሠርጉን ክፉ መናፍስት በሚበረቱበት ቀንና ሰዓት ቆረጠው። ልጅቷ ተንኮሉን ዐወቀች። ሆኖም አልሸሸችም። ራሷን በወንፊት ጋረደች፤ ወንፊት ዓይኑ ብዙ ነው፣ ክፉ ነገር ያየዋል። እግሯ መሬት እንዳይነካ መንገዱ ላይ ምንጣፍ አስነጠፈች። በመስተዋትም ራሷን ጠበቀች። ያ ሥጋ ደግሞ ሙሽራ ለሚያጠቃው ለነጩ ነብር ነው፤ እሱን ሲበላ እሷ ታልፋለች። አለፈችም። ዡ ጎንግ ተሸነፈ። ተረቱ ጥንታዊ ነው። ከ600 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በዩዋን ዘመን፣ በመድረክ ይታይ ነበር።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሙሽራዋን ቀና ብዬ አየኋት። ጥፍሯን የተቀባች፣ ባንክ የምትሠራ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። በዚያች ቅጽበት ግን የኮክ አበባዋ ልጅ መሰለችኝ። ወንፊቱ ጋሻዋ ሆነ። ተረቱን ባልሰማ ኖሮ የማየው አንድ የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ ነበር።

ባለፈው ጥር እህቴ አዲስ አበባ ተሞሸረች። ከሺያመን ሄድኩ። ሠርጉ ያማረ ነበር። አዳራሹ በአበባ ተሞልቷል፣ ከላይ ድሮን ይዞራል፣ ፕሮግራም መሪው ሰው እንዲያጨበጭብ ይጠይቃል። ጠዋት ቤት ውስጥ ግን የድሮው ሁሉ ነበር። በር ተዘጋ። ሚዜ ሽቶ ረጨ። እህቴ የአባቴንና የእናቴን ጉልበት ሳመች። እኔ የአማን ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት።

"እማዬ፣ ሚዜ ሽቶ የሚረጨው ለምንድን ነው?"

"ወጉ ነው ልጄ።"

"ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት የሚወጣላትስ?"

"ወጉ ነዋ! አሁን ይሄን ትሪ ያዢልኝ።"

እናቴን አልወቅስም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ቆማለች። ከዚያ በኋላ ለአጎቶቼ፣ ለሚዜዎቹ፣ ለሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ጥያቄውን አቀረብኩ። አንዱ አሥራ ሁለቱን ብልት ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጋር አያያዘው። ሌላው "እንዲሁ ለማብዛት ነው" አለኝ። አብዛኛው ሰው የመለሰልኝ እናቴ ያለችውን ነው። ወጉ ነው። ያኛው ወግ ግን፣ የሚወራው፣ ቤት ውስጥ አልነበረም። ለጨዋታ ጊዜ የሚሰጥ ሰውም አላየሁም፤ ቪዲዮ አንሺው ቸኩሎ ነበር።

ቻይናን ማስዋብ አልፈልግም። የሺያመን ሠርግም ማታ ሆቴል ውስጥ ነበር፤ ነጭ ቬሎ፣ ግዙፍ ስክሪን፣ የሚያደነቁር ሙዚቃ። የጥሎሹም ነገር እዚያ ከባድ ነው። ስንቱ ወጣት ዕዳ ውስጥ ይገባል። ክርክሩ ስለበዛ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለጥሎሽ ክርክር የተለየ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ተረቱንም ሁሉም አያምንበትም። ሙሽራዋን ራሷን በኋላ ጠይቄያታለሁ። "ነጭ ነብር የለም" አለችኝ። "አማ ግን ለእናቴም ነግረዋታል፣ ለእኔም ነገሩኝ። ወንፊቱን እምቢ ብል እሳቸውን እምቢ ያልኩ ይመስለኛል።"

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ማመን አለማመን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጅቷ ወንፊቱን ያልጣለችው ከነተረቱ ከሰው አፍ ስለተቀበለችው ነው።

እኛ ተረት የለንም ብዬ አይደለም የምከራከረው። ቡሄን ተመልከቱ። በደብረ ታቦር ተራራ ላይ ብርሃን ታየ። እረኞቹ ቀን መስሏቸው ሜዳ ቀሩ። ወላጆች ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ልጆቻቸውን ፍለጋ ወጡ። ሙልሙሉም ችቦውም ከዚያ መጣ ይባላል። ይህን የማያውቅ ልጅ ጥቂት ነው። ለዚህ ይመስለኛል ቡሄ ባሕር የተሻገረው። አሜሪካም አውሮፓም ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ውስጥ እዚያው የተወለዱ ልጆች ዱላ ይዘው ይጨፍራሉ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ። አማርኛው የሚያስቸግረው ልጅ እንኳ ዳቦው ለምን እንደሚሰጠው ይነግራችኋል። ስለ መልስ፣ ስለ ቅልቅል፣ ስለ እንሶስላ ብትጠይቁት ግን ትከሻውን ይነቀንቃል። ማን ነግሮት?

ወደ ሺያመን ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ አልለቀኝም። እናቴ "የእኔን ታላቅ ጠይቂ" አለችኝ። አክስቴ ደብረ ማርቆስ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። እሑድ ዕለት የልጅ ልጃቸው ስልኩን ያዘላቸው። ከሰላምታው በኋላ የወንፊቱን ተረት ነገርኳቸው። እግሯ መሬት አይንካ የሚለው ላይ ስደርስ "እኛስ ብትሆኚ!" ብለው አቋረጡኝ። "እኔንስ ሚዜ አዝሎ አይደል በቅሎ ላይ ያወጣኝ!"

"ለምን ነበር ግን እትዬ? ለምን አይነካም?"

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከኋላ የሲኒ ድምፅ ይሰማል።

"ይኼን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም" አሉ። "እናቴ ነግራኝ ነበር። ቆይ፣ ቡናው ይቀዳና ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የሚጻፍበት ነገር ይዘሻል?"

ይዣለሁ አልኳቸው።