ባለድርሻው ድርሻው ምንድን ነው?

ሰሞኑን የሰፈሬ ወረዳ ለስብሰባ ጠርቶን ነበር። ባነሩ ላይ «ሰላም በባለድርሻ አካላት ቅንጅት» ይላል። የዕድር ሰብሳቢዎች፣ ባለሱቆች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የወጣት ተወካዮች፣ ፖሊስ፣ ደንብ አስከባሪ፣ ሁሉም አለ። የታሸገ ውሃ ታደለ። ሁለት ሰዓት ያህል የአፈጻጸም ሪፖርት ሰማን። ለእኛ ሐሳብ የተረፈው ሃያ ደቂቃ ነበር።

አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ከኛ ጀርባ ያለው ቅያስ መብራቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጃቸው ስልኳን የተነጠቀችው እዚያ ጋ ነው። ሰብሳቢው «ማስታወሻ ይያዝ» አሉ። ተያዘ። በቃ። የመንገድ መብራት የወረዳው ሥራ አይደለማ! አምፖሉን የሚቀይረው ሌላ፣ ኃይሉን የሚሰጠው ሌላ። ያን ዕለት ሁለቱም አልተጠሩም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ባለድርሻ የምንባለው ለማዋጣትና ለማጨብጨብ ነው። የሮንድ፣ ማለትም የሌሊት ጥበቃ ገንዘብ አምጡ ስንባል ባለድርሻ ነን። የትኛው ቅያስ ይቅደም ሲባል ግን ዕቅዱ አልቆ ነው የሚመጣልን።

ያለ እኛ የተወሰነ ነገር ምን እንደሚያመጣ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይነዳ ተከለከለ። የተሰጠው ምክንያት ነጠቃና ዘረፋ ነበር። ዘራፊው ጥፋተኛ ነው፣ ማን ይክዳል? ግን በሞተር ዕቃ እያደረሰ እንጀራውን የሚበላውም አብሮ ቆመ። ቀድሞ የጠየቀው ቢኖር ኖሮ የቱ ሞተር የማን እንደሆነ የሚለይበትን መንገድ ራሱ ይነግራቸው ነበር።

ደግሞ ሰፈሩ ራሱ ተቀይሯል። በ2016 የኮሪደር ልማት ከጀመረ ወዲህ የፒያሳና የአራት ኪሎ ዋና መንገድ ሌሊቱን ቀን አስመስሎታል። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ግን ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ሰው ገላን ጉራና ሌላም ሌላም ቦታ ሲሄድ ዕድሩም አብሮ ተበተነ። ድሮ አንድ ጎረምሳ ቅያስ ውስጥ ሲያንዣብብ የሰፈር እናቶች «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» ይሉት ነበር። ከየትኛውም ካሜራ በላይ የሚያስደነግጥ ጥያቄ! ዛሬ ጠያቂዋ የለችም፣ ብትኖርም ልጁን አታውቀውም። ይህን ስብሰባው ላይ ያነሳው ሰው አልነበረም፤ ሪፖርቱ ውስጥ የሚሞላበት ሣጥን የለውም።

«ነዋሪው ወንጀል አይጠቁምም» የሚል ወቀሳም ሰማን። በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቼ በደርግ ጊዜ የቀበሌ አብዮት ጥበቃን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። «እገሌን ጠቁሙ» ሲባሉ ወደ ኋላ የሚያስቡት ብዙ ነው። እምነት በባነር አይመጣም። ባለፈው የጠቆምነው ምን ሆነ የሚለውን መጥቶ ከመንገር ይጀምራል።

ምክር ቤቱስ? የወረዳ ምክር ቤት አባላት በ2005 ተመርጠው፣ በ2010 መካሄድ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ። እስቲ የወረዳህን ተመራጭ ስም ጥራ ብባል እኔም አላውቅም። ሥራ አስፈጻሚውን ስለመብራቱ «ለምን?» ብሎ አፋጥጦ መጠየቅ የነበረበት እኮ እሱ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አምፖል የሚቀይረው መሥሪያ ቤት ስብሰባው ላይ ይቀመጥ። የተያዘው ማስታወሻ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ይነበብ፤ ሪፖርቱ በኋላ ይደርሳል። የሮንድ ገንዘብ የት እንደገባም ወረዳው በር ላይ ይለጠፍ።

የጨለማው ቅያስ ዘበኛ ጋሼ ናቸው፤ የምንጠራቸው እንዲሁ ነው። ጋቢ ደርበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያነጋሉ። ነጣቂዎቹ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ፣ በየትኛው በኩል እንደሚያመልጡ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስብሰባ ተጠርተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። የሚቀጥለው ስብሰባ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ጋሼ በዚያ ሰዓት ይተኛሉ።